መርዶ በግብር ቢሮ

ይህ የሆነው ከሚሌኒየሙ በዓል ጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ግብር በሚከፈልበት ሰሞን፣ እዚሁ ጅጅጋ ነው። ከአእምሮዬ ያልወጣው የባሌን ሞት ለመጀመሪያ ጊዜ ጮክ ብዬ የተናገርኩት ግብር ቢሮ ወረፋ ላይ ስለሆነ ነው።

ባሌ ጅቡቲ ወደብ ሃያ ዓመት ሠርቷል። ታሞ እዚያው ሞተ፣ እዚያው ተቀበረ። እናቱ ከእኔ ጋር ይኖራሉ፤ እማማ እላቸዋለሁ። ዓይናቸው ደክሟል፣ ልባቸውም ታማሚ ነው። ሐኪሙ ድንጋጤ አይችሉም ብሎ አስጠንቅቆን ነበር። ዘመድ ተሰበሰበና መርዶው ይቆይ ተባለ። መጀመሪያ ከፋሲካ በኋላ አሉ፣ ቀጥሎ ከክረምቱ በኋላ። ከዚያ የሚያነሳውም ጠፋ። ለእማማ ልጃቸው ሩቅ የሚሄድ መርከብ ላይ እንደተቀጠረ፣ ስልክ እንደማይሠራለት፣ ደመወዙን ግን እንደሚልክ ተነገራቸው። እኔም ጥቁር አልለበስኩም፣ አላለቀስኩም። ሆድ ይፍጀው ብዬ ሱቄን ከፈትኩ።

የሚመጣው ገንዘብ እንግዲህ ደመወዝ አይደለም፣ የሟች ጡረታ ነው። ከጅቡቲ የመጣውን የጡረታ ደብዳቤ ድሬዳዋ ድረስ ሄጄ ነው ያስተረጎምኩት፣ ጅጅጋ ውስጥ ማንም እንዳያነበው።

ሱቄ ከቤቴ ጋር የተያያዘች ናት፤ ሩዝ፣ ፓስታ፣ ዘይት፣ ሳሙና እሸጣለሁ። እማማ ቀኑን ሙሉ በሯ ላይ ይቀመጣሉ። ዓይናቸው ነው የደከመው እንጂ ጆሯቸው የጎረቤት ሹክሹክታ አያመልጠውም። ግብር ገማቾቹ የመጡ ቀን ፍሪጁን አዩ፣ የሞላውን መደርደሪያ አዩና «ይሄ ሁሉ ከዚህች ሱቅ ነው?» አሉኝ። ባሌ ይልካል ብል ወረቀት አምጪ ሊሉኝ ነው። ወረቀቱ ደግሞ «የሟች ባለቤት» ይላል። እማማ አጠገቤ ተቀምጠዋል። «አዎ፣ ከሱቁ ነው» አልኩ። እነሱም ጻፉ።

በዚህች ቃል የተነሳ ሁለት ዓመት ላልሸጥኩት ዕቃ ግብር ከፈልኩ። በሦስተኛው ዓመት አቃተኝ። ሱቁ ይታሸጋል የሚል ማስጠንቀቂያ መጣ። ያኔ ደብዳቤውን ጉያዬ ውስጥ ወሽቄ ሄድኩ።

ቢሮው በሰው ጢም ብሏል። ከኋላዬ ማን ብትቆም ጥሩ ነው? ጎረቤቴ። ስሟን ቀይሬ ሐሊማ ልበላት። ከሱቄ ፊት ለፊት ጨርቅ ትሸጣለች፤ ጠዋት ጠዋት ለእማማ ወተት ይዛ መጥታ አጠገባቸው ቁጭ ብላ ታወጋለች። የፈሩት ይደርሳል ይባል የለ።

የሚያስተናግደኝ ወጣት የሶማሌ ልጅ ደብዳቤውን ገለጥ አድርጎ ከላይ ያለውን ብቻ አነበበና «ጡረታ ከሆነ ከሱቁ ሽያጭ ጋር አይደመርም» አለኝ። «ግን በባልሽ ስም ነው። እሱ ይምጣና ይፈርም።»

«መምጣት አይችልም።»

«እሺ፣ ውክልና ይላክ።»

«ወንድሜ፣ ሞቷል» አልኩት።

ድምፄ ካሰብኩት በላይ ወጣ። ልጁ እስክሪብቶውን አስቀመጠና ከወንበሩ ተነሳ። «ኢና ሊላሂ» አለ። ወረፋ የያዙት ነጋዴዎች እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ። «አላህ ሰብሩን ይስጥሽ» ይሉኛል፣ የማላውቃቸው ሰዎች። እኔ ግን ምንም አልተሰማኝም። እውነቴን ነው፣ በዚያች ሰዓት የማስበው ሽንኩርት መግዛት እንዳለብኝ ነበር።

ሐሊማ ክንዴን ያዘችኝ። «መቼ ነው፣ አባዮ?» አለች፣ እህቴ ማለቷ ነው።

«ሦስት ዓመት ሆነው።»

«እማማስ?»

«አያውቁም። በፈጠረሽ፣ እንዳትነግሪያቸው።»

ክንዴን ለቀቀች። ተራዋ ደርሶ ወደ ሌላው ጠረጴዛ አለፈች።

ልጁ ግብሬን አስተካከለልኝ። ደብዳቤውን በየዓመቱ እያሳደስኩ እንዳመጣም ነገረኝ። ሱቄ ተረፈች። ደስ ግን አላለኝም፤ ነገ ጠዋት ሐሊማ ትመጣለች።

መጣች። ወተቱን አስቀመጠችና እማማ አጠገብ ቁጭ አለች። እኔ ሩዝ እየሰፈርኩ አፏን አፏን አያለሁ።

«ልጅዎ እንዴት ነው? መርከቡ የት ደረሰ?» አለቻቸው።

እማማ ፊታቸው በራ። ህንድ ደርሷል አሉ፣ ማን እንደነገራቸው እንጃ። «ማሻ አላህ፣ ሩቅ አገር ነው» አለች ሐሊማ። ወደ እኔ ዞር ብላ እንኳ አላየችም።

ከዚያ ወዲያ፣ ሐሊማ ሹክ ብላቸው መሰለኝ፣ ወረፋው ላይ የነበረ ሰው ሁሉ በሱቄ ሲያልፍ እማማን ስለ መርከቡ ይጠይቃል። አንደበቱ ያዳለጠው የለም። አንዱ ነጋዴማ በርበራ ወደብ አገኘሁት ብሎ የልጃቸውን ሰላምታ አቀበላቸው። ጉድ እኮ ነው፣ ገበያው በሙሉ አብሮኝ ዋሸ።

እማማ ዛሬም አሉ፤ ስሜን ያልጻፍኩትም ለዚህ ነው። ለቅሶ ገና አልተቀመጥኩም። እንባዬም የት እንደገባ አላውቅም። ሰው ሳይለቀስለት ሲቆይ አልቃሹም ይደርቃል መሰለኝ። በየዓመቱ ሐምሌ ሲገባ ግን ደብዳቤዬን ይዤ ቢሮው እሄዳለሁ። ልጁ መልሱን ቢያውቀውም ፎርሙ ስለሚያስገድደው «ገንዘቡ ከማን ነው?» ይለኛል። «ከሟች ባሌ» እላለሁ። ስሙን ከነአባቱ፣ ከነአያቱ እጠራለሁ። «ነፍስ ይማር» ይለኛል።

ነጋዴ ሁሉ ሐምሌን ይፈራል። እኔ ከሰኔ ጀምሮ እጠብቀዋለሁ።