ለአባቴ የሚቀል ጠመንጃ

አባቴ ቀላል ጠመንጃ አይወድም። ዕድሜውን የፈጀው በአርሲ ተራሮች ላይ ደጋ አጋዘን ሊያድኑ የሚመጡ የውጭ እንግዶችን በመምራት ነው፤ ትከሻው ላይ የምናውቀውም የእንጨት ሰደፍ ያለው፣ ብረቱ የወፈረ፣ ብድግ ሲያደርጉት ክንድ የሚያወርድ የድሮ ጠመንጃ ነበር። ቀጠን ያለ ነገር ያነገተ መሪ ካየ «ምንድን ነው የያዘው? መቋሚያ ነው?» ብሎ ያሾፋል። እንግዲህ ይኸው ሰውዬ ነው ክረምቱ ሊወጣ ሲል ጀሞ፣ ኮንዶሚኒየም ቤቴ ሶፋ ላይ ተቀምጦ «ልጄ፣ ቀለል ያለ ጠመንጃ መምረጥ አለብን» ያለኝ።

«አለብን» ነው ያለው። እኔ የሕንፃ ዕቃ ነጋዴ ነኝ። ቧንቧ፣ ቀለም፣ ሚስማርና ቆርቆሮ እሸጣለሁ። ስለ ጠመንጃ የማውቀው ነገር ቢኖር፣ ልጅ ሳለሁ አባዬ ከተራራ ሲመለስ መጀመሪያ እሱን ጠርጎ፣ ወልውሎ፣ ቦታው ላይ ከሰቀለ በኋላ እኔን እንደሚያቅፈኝ ነው። በዚያ ጠመንጃ እስከ ዛሬ ድረስ ቂም ይዤበታለሁ ብል ውሸት አይሆንም።

እናቴ ካረፈች ወዲህ አባዬ ከእኔ ጋር ነው የሚኖረው፤ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ሊፍት በሌለበት። ሐኪሙ ልቡ መድከሙን ነግሮናል። «ከፍ ያለ ቦታ ባይወጡ ይመረጣል» ነበር ያለው። ባይወጡ ይመረጣል! አይውጡ ማለት ምን ነበረበት? አባዬ ምክር እንደሰጡት ሰው አመስግኖ፣ የሐኪሙን እጅ ጨብጦ ወጣ።

በዚህ ላይ ነው ስልኩ የተደወለው። አባዬ ይሠራበት የነበረው የአደን ድርጅት ባለቤት ነው። ሁሉም ሰው አለቃ ይለዋል፤ አባዬ ግን አደን ያስተማረው እሱ ስለሆነ «ያ ልጅ» ነው የሚለው፤ ያ ልጅ ፀጉሩ ሸብቷል። አንድ የድሮ እንግዳ ተመልሶ ሊመጣ መሆኑን፣ መሪዬ እሳቸው ካልሆኑ አልመጣም ማለቱን ነገረው። ችግሩ አንድ ነው፤ መሪ ጠመንጃውን ለሌላ ሰው አያሸክምም። እንግዳው ስቶ አውሬውን ካቆሰለው፣ ተከታትሎ የሚጨርሰው መሪው ነውና ጠመንጃው ከትከሻው አይወርድም። «ጠመንጃዎን መሸከም ከቻሉ፣ ጋሼ፣ ይምጡልኝ» አለው። አባዬ ስልኩን ሲዘጋ ፊቱ በርቶ ነበር። እናቴ ከሞተች ጀምሮ እንደዚያ ሲበራ አላየሁትም። እኔ ግን ከዚያ ተራራ በሰው ትከሻ ተሸክመው ሲያወርዱት ታየኝና ደሜ ፈላ።

የድርጅቱ ቢሮ ላፍቶ ነው። ጠመንጃዎቹ በብረት ካዝና ተቆልፈው ይቀመጣሉ፤ የአደን ወቅት ደርሶ ጉዞ እስኪጀመር አንዱም ከግቢ አይወጣም። አለቃው ሦስት አውጥቶ ጠረጴዛ ላይ ደረደረልን።

አባዬ የመጀመሪያውን፣ ባለ እንጨት ሰደፉን አነሳ። «ይሄ ጥሩ ነው።»

«ከባድ ነው፣ ጋሼ» አለ አለቃው።

«አውቃለሁ። ጥሩ ነው አልኩ እንጂ ይሆነኛል አልኩ?»

ሁለተኛው ሰደፉ ፕላስቲክ ነው። በጣቱ ኳ ኳ አደረገውና ፊቱን አጨማደደ። «ቅርንጫፍ በነካው ቁጥር እንዲህ ሊጮህብኝ ነው። አጋዘኑ እኮ ጆሮ አለው።»

ሦስተኛው አጠር ቀጠን ያለ ነው፤ ሦስት ኪሎም አይሞላም። በአንድ እጁ ብድግ ሲያደርገው ደስ አለኝ፤ ሳላስበው ሻጭ ሆንኩና «እሱስ?» አልኩ።

«ይሄ ሲተኮስ ትከሻ ያወልቃል።»

«አንድ ጥይት ነው የምትተኩሰው አባዬ፤ እሱም ካስፈለገ።»

«ልጄ፣ ዳገት ወጥቶ ትንፋሹ የተቆራረጠ ሰው እጅ ላይ ቀላል ጠመንጃ አርፎ አይቀመጥም። ከባዱ በራሱ ክብደት ይረጋል። ለደከመ ሰው ቀላሉ ይሻለዋል ትላላችሁ፤ ለደከመ ሰው እኮ ነው ቀላሉ የሚንቀጠቀጥበት።»

ልብ ያወልቃል። ከባዱ ያደክመዋል፣ ቀላሉ ይንቀጠቀጥበታል። ታዲያ መልሱ ምን ይሆናል? ለእኔም ለአለቃውም ግልጽ ነበር። ሁለታችንም ግን ያን ትተን ስለ ጠመንጃ ማውራታችንን ቀጠልን። የጠመንጃው መነጽር በትንሽ ቢተካ፣ ማንገቻው ሰፋ ቢል፣ ጥይቱ ቢለወጥ እያልን ጠረጴዛውን ከበን ቆየን። ያየን ሰው ሦስት ባለሙያ እንመስለዋለን።

አባዬ ከዘበኛው ጋር ሲሰነባበት አለቃውን ወደ ጥግ ሳብኩት። «ለምንድን ነው እንቢ የማትለው?»

«እኔ?» አለ ደንግጦ። «ጠመንጃ አያያዝ ያሳዩኝ እሳቸው አይደሉ? በየትኛው አፌ? አንቺ ልጃቸው ነሽ፣ ንገሪያቸው።»

«ቀጣሪው አንተ ነህ!»

«እኔ እኮ ጠመንጃውን መሸከም ከቻሉ ነው ያልኩት።»

እንዲህ እየተወራወርን ተለያየን።

ስንመለስ ታክሲው ጀሞ መግቢያ ላይ ተዘጋግቶ ቆመ። ነገር ልጭርበት ፈለግሁ። «ለመሆኑ አንተን ያስተማሩህ ሽማግሌ ማደን ያቆሙት መቼ ነው?» አልኩት። ይገባው ይሆናል ብዬ ነው።

«አላቆሙም። ጠመንጃቸውን ሰጡኝ» አለ። «ዳገት እየወጣን ነበር፤ እሳቸው ፊት፣ እኔ ኋላ። ቆሙና ጠመንጃውን አዙረው ሰደፉን ወደ እኔ ዘረጉልኝ። ‹ቅደም› አሉኝ፤ በቃ። እኛ ዘንድ እንደዚያ ነው። ማንም ደከመኝ አይልም፤ ማንም ደከመህ ወይ ብሎ አይጠይቅም። ጠመንጃ የተቀበለ ሰው ደግሞ ዞሮ አያይም።»

«ካልዞረ ሽማግሌው ወደ ኋላ ቢቀሩስ?»

«መነጽር ለምን ተሠራ?» ብሎ ሳቀ። «ኋላህ ያለው ሰው ሲቆም ኮቴው ይጠፋል። ያኔ አንተም ትቆምና መነጽርህን ዓይንህ ላይ አድርገህ አውሬ የምትፈልግ ትመስላለህ። ኮቴው ሲሰማህ ትሄዳለህ። ማንም ማንንም አልጠበቀም።»

ከዚያ የተሻለ ጊዜ አላገኝም ነበር። «አንተስ አባዬ?» ልለው አፌን ስከፍት፣ ረዳቱ «ጠጋ ጠጋ በሉ እንጂ፣ አራት አራት ነው!» ብሎ አንድ ወፍራም ሰውዬ መሃላችን ዶለብን። ሆድ ይፍጀው ብዬ ተውኩት። እራት ላይም ሞክሬ ነበር። «አባዬ፣ የምነግርህ ነገር አለ» አልኩት። ማንኪያውን አስቀምጦ ትክ ብሎ ሲያየኝ፣ ጨው በዝቶበት እንደሆነ ጠየቅሁት። አልበዛበትም ነበር።

በማግስቱ ሱቅ መጣ። «ግቢ ውስጥ ሁሉም ጠመንጃ ቀላል ነው፤ የሚታወቀው ዳገት ላይ ነው» አለና እንደ ደንበኛ ቧንቧ አዘዘኝ። በጠመንጃ ቁመት ልክ ወፈር ያለ የፕላስቲክ ቧንቧ ቆረጥኩለት። በአንዱ ጫፍ ቲ የሚባለውን መገጣጠሚያ ገጠምኩ፤ ሰደፍ መሆኑ ነው። ውስጡን እንዳይንኳኳ በጨርቅ እየጠቀጠቅኩ ሚስማር ሞላሁት፤ ክፍት የቀረውን ቀዳዳ በታፖ ደፈንኩ። ሚስማር በኪሎ ስለምሸጥ ሚዛን አለኝ፤ መጀመሪያ የባለ እንጨቱን ክብደት ያህል አደረግነው። አባዬ የድሮ የቆዳ ማንገቻውን አሰረበት። ዳገቱ የብሎካችን ደረጃ ሆነ።

ቧንቧውን እንዳለ ቢይዘው ኖሮ ማን ዞሮ ያየው ነበር? የሕንፃ ዕቃ ነጋዴ አባት ቧንቧ ይዞ ደረጃ ቢወጣ ምን ይገርማል? አባዬ ግን ጠመንጃ ሰፈር ውስጥ ራቁቱን አይያዝም ብሎ በጋቢ ጠቀለለው። ደንብ ነው አለኝ። ፍንክች አላለም። ያ ቅርጽ፣ ያ ማንገቻ፣ ያ አረማመድ በጋቢ ሲሸፈን ደግሞ ሌላ ምን ሊመስል ይችላል? ሁለተኛ ፎቅ ያሉት ጎረቤታችን፣ ሁልጊዜ የጸሎት ስብሰባ የሚጠሩኝ ሴትዮ፣ በራቸውን ከፍተው አዩት፤ «ኢየሱስ ጌታ ነው!» ብለው መልሰው ጠረቀሙት። ከሰዓት በኋላ የብሎካችን ኮሚቴ ሰብሳቢ ሰዎች አስከትሎ በሬን አንኳኳ። ሳሎን መሃል ጋቢውን ፈትቼ፣ ታፖውን ነቅዬ፣ ሚስማሩን ትሪ ላይ አፈሰስኩላቸው። ሰብሳቢው ሚስማሩን አየ፣ አባዬን አየ፣ እኔን አየ።

«ለምንድን ነው ግን?» አለ።

ምን ልበለው? አባዬ ቀደመኝ። «ስፖርት ነው፤ ሐኪም አዞኝ» አለው፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ።

ከዚያ ወዲህ እያጉረመረመ ያለ ጋቢ መውጣት ጀመረ። እኔ ቢወድቅ ልይዘው ከኋላው እከተላለሁ። ሁልጊዜ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ይቆማል። የደረጃው መታጠፊያ ግድግዳ ክፍት ስለሆነ የፉሪ ተራራ ከዚያ ይታያል። እጁን ግንባሩ ላይ ጋርዶ ፉሪን ይቃኛል። ዛሬ እዚያ ከቤትና ከቆርቆሮ በቀር የሚታይ የለም፤ ግማሹን ቆርቆሮ እኔ ሳልሸጠው አልቀርም። ከንፈሩ ጠቁሮ፣ ትከሻው ከፍ ዝቅ እያለ «ይሄ ከበደ፤ የባለ ፕላስቲኩን ያህል አድርጊልኝ» ይለኛል።

ሚስማር ቀነስኩ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቆመ። የመጨረሻውን፣ የቀጭኑን ክብደት አደረግሁት። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቆመ። «ማንገቻው ነው መሰለኝ» አለ፤ ማንገቻ ቀየርን። «ጫማው ነው» አለ፤ ጫማውን በነጠላ ጫማ ቀየረ። አለቃው ደግሞ እየደወለ «የቱን መረጡ?» ይላል፤ እንግዳው ትኬት ቆርጧል። እንቢ ማለት የማያውቅ ሰው መጠየቅ እንዴት ያውቅበታል! በአለቃው ተናደድኩ። በሐኪሙ ተናደድኩ። ሊፍት ሳይኖረው ይህን ያህል ፎቅ በደረደሩት ተናደድኩ። ከሁሉም በላይ አንዲት ቃል ከአፏ ማውጣት አቅቷት ሚስማር በምትቀንሰው ሴትዮ አንጀቴ አረረ።

አንድ ቀን ደንበኛ ሲነዘንዘኝ ውሎ፣ አባዬ ሱቁ በር ላይ ቆሞ «ዛሬ ደግሞ ትንሽ ብትቀንሺለትስ» ሲለኝ፣ በቃኝ። ቧንቧውን ወደ ጓሮ ይዤ ሄድኩና ያለውን ሚስማር በሙሉ ሳጥኑ ውስጥ ገለበጥኩት። ጨርቁን ብቻ መልሼ ጠቅጥቄ ዘጋሁት። እልህ ነው። ባዶውን ይዞ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሲቆም «እየው! አሁንስ የከበደህ ጠመንጃው ነው?» ልለው ነበር። ንግግሩን ሱቅ እየዘጋሁ ተለማመድኩት።

ሰጠሁት። ተቀበለኝ፤ መዳፉ ላይ ከፍ ዝቅ አደረገው፤ ምንም ሳይል አነገተው።

ወጣን። አንደኛ ፎቅ፣ ሁለተኛ ፎቅ፤ የጎረቤታችን በር፣ የሽሮ ሽታ፣ የልጆች ጩኸት። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቆመ። ግድግዳውን ተደገፈ። እጁን ግን ግንባሩ ላይ አላደረገም።

«ባዶ ነው፣ አይደል?» አለኝ።

የተለማመድኩትን ንግግር ተውኩት። «አዎ» አልኩት።

«ታች ሳነሳው አውቄያለሁ።»

ትንፋሹ እስኪመለስ ቆምን። አፍሬ ነበር፤ ተናድጄም ነበር፤ እያወቀ ለምን ተሸክሞት ወጣ ብዬ። ማንገቻውን ከትከሻው አወረደ። ቧንቧውን አግድም ያዘና ቀስ ብሎ አዞረው፤ ቲ ያለበትን ጫፍ ወደ እኔ ዘረጋ። ዓይኑ እኔ ላይ አልነበረም፤ ፉሪ ላይ ነበር።

ያን ሁሉ ጊዜ እንዲገባው የተመኘሁትን ነገር ይኸው በእጁ ዘረጋልኝ። እኔ ግን ሲመጣ አልፈለግኩትም። «ሌላ እንፈልጋለን አባዬ፤ ከቀጭኑም የቀለለ አይጠፋም» ልለው ትንሽ ነበር የቀረኝ። በሁለት እጄ ተቀበልኩት።

«ቅደሚ» አለኝ።

እስከዚያ ቀን ከኋላው ነበር የምወጣው። ቧንቧውን አንግቼ ቀደምኩ፤ ዞሬም አላየሁም። የነጠላ ጫማው ድምፅ ከኋላዬ ቀስ እያለ ተከተለኝ። ጥቂት ወጣንና የሚቀጥለው መታጠፊያ ላይ ስደርስ ድምፁ ጠፋ። እኔም ቆምኩ። መነጽር የለኝም። እጄን ግንባሬ ላይ ጋረድኩና፣ የነጠላ ጫማው ድምፅ እንደገና እስኪሰማኝ ድረስ፣ ፉሪ ላይ ከቆርቆሮው መሃል አውሬ ፈለግሁ።