ያልነካሁት ቆጣሪ

ሞተሬን ልሸጥ ባወጣሁበት ሳምንት የተናገርሁትን እውነት ያህል በዕድሜዬ ተናግሬ አላውቅም። የተጠረጠርሁትን ያህልም ተጠርጥሬ አላውቅም። አሁንም ሳስበው ደሜ ይፈላል፤ ሳወራው ድምፄ ከፍ ካለ ከዚያ የተነሣ ነው።

ሥራዬ የእንስሳት ሕክምና ነው። ፍኖተ ሰላም ካለው ክሊኒክ እየተነሣሁ ገጠር ለገጠር ስዞር ነው የኖርሁት። ገበሬው "ዶክተር" ይለኛል። ዶክተር አይደለሁም፣ ግን ማረሙ ስለታከተኝ ትቼዋለሁ። ሞተሯ የግሌ ነበረች፣ ቀይ። ከሱቅ ስትወጣ ቆጣሪዋ ባዶ ነበር፤ ለሽያጭ ሳወጣት ዘጠና አራት ሺህ ኪሎሜትር ደርሷል። እያንዳንዷን ኪሎሜትር በወገቤ ነው የቆጠርኋት። የማንኩሳን አቧራ እየቃምሁ፣ በኩች ኮረኮንች እየተንገጫገጭሁ፣ በክረምት ደግሞ ያን ጥቁር ጭቃ ከጎማው ላይ በእንጨት እየፋቅሁ። ወገቤን ያየው ሐኪም "ወይ ሞተሩን ወይ ወገብህን ምረጥ" ብሎኛል።

ለመሸጥ የቸኮልሁት ግን ለወገቤ ብዬ አይደለም። ባለቤቴ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ናት፣ በዲፕሎማ። ሞተሯ የተገዛችው እሷ ዲግሪዋን ልትማርበት ባጠራቀመችው ብር ነው። ያን ጊዜ "አንተ ሥራህን ያዝ፣ የኔ ይደርሳል" አለችኝ። ስምንት ዓመት ሙሉ አልደረሰም። አንዴ ልጅ ተወለደ፣ አንዴ የቤት ኪራይ ጨመረ፣ አንዴ ደግሞ እኔ ራሴ ረሳሁት። ዘንድሮ ቡሬ ካለው የዩኒቨርሲቲ ግቢ ተቀበሏት፤ ምዝገባው ዓርብ ይዘጋል። "ዘንድሮ ካልሆነ ከእንግዲህ አልጠይቅህም" አለች፣ ልብስ እያጠፈች፣ ቀና ሳትል። ተቆጥታ ቢሆን ኖሮ መልስ አላጣም ነበር። ቤታችን ውስጥ ያን ያህል የሚያወጣ ነገር ደግሞ ሞተሯ ብቻ ነበረች።

መጀመሪያ የሄድሁት ሁልጊዜ የሚጠግንልኝ መካኒክ ዘንድ ነው፣ ምን ታወጣለች ብዬ። ዞር ዞር ብሎ አያት፣ አስነሣት፣ ዓይኑን ጨፍኖ ድምጿን አዳመጠ።

"ኢንጅኗ ጤነኛ ነው። ዘይት በወቅቱ የምትቀይር ሰው ነህ፣ ያስታውቃል። ችግሯ ይሄ ነው" አለና ቆጣሪዋን በጥፍሩ ነካ ነካ አደረጋት። "ሠላሳ ሺህ ላይ እናስቀምጠው። የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው።"

"አላደርገውም" አልሁት።

"እንግዲያው ማንም አያምንህም።"

"እውነቱ ፊታቸው ላይ ተጽፎ እያለ ለምን አያምኑኝም?"

ሳቀብኝ። "ሁሉም ወደ ኋላ እንደሚመልሰው ሁሉም ያውቃል። ዘጠና አራት ያየ ሰው፣ ዋናው ስንት ይሆን ብሎ ነው የሚያሰላው።"

ምን ዓይነት ሰው ነው ብዬ ተናድጄ ወጣሁ። በማግስቱ ግን ልክ እሱ እንዳለው ሆነ። የመጀመሪያው ገዢ አንድ ባጃጅ ነጂ ነበር። ወደ ቆጣሪው ጎንበስ አለና ራሱን ነቀነቀ።

"ይሄማ የተመለሰ ነው። ዋናው መቶ ሃምሳ ሺህ ይሆናል።"

"ወንድሜ፣ ከመለስሁት አይቀር ዘጠና አራት ላይ ምን አቆመኝ?"

"እንዳይታወቅብህ ነዋ" አለኝ፣ በጣም ረጋ ብሎ፣ እንደሚያስተምር ሰው።

ምን ይባላል እንግዲህ? ሁለተኛው የራሱን መካኒክ ይዞ መጣ። መካኒኩ ማርሚታውን በመዳፉ ደፈነ፣ ጭሱን አሸተተ፣ ካቴናውን ጎተተ፣ ጎማውን ረገጠ፤ አንድም እንከን አጣ። ከዚያ ቆጣሪውን ሲያይ ሁለቱ ተያዩና ዋጋዬን በግማሽ ቆረጡት። ሦስተኛው በስልክ ነው። ቁጥሩን ስነግረው "እሺ፣ እውነተኛውን ንገረኝ" አለ። ስልኩን ዘጋሁበት። ማክሰኞ ማታ ባለቤቴ "ሰው መጣ?" ስትለኝ እሷ ላይ ጮህሁ። ከሁሉም የሚቆጨኝ እሱ ነው።

ይኼን ሁሉ ስበሳጭ አንድ የምሸሽገው ነገር እንዳለኝ ግን ልናገር። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ የታመመ ጥጃ ከነባለቤቱ ከኋላዬ ጭኜ ስመጣ ጉድጓድ ውስጥ ወደቅሁና፣ ከመቀመጫው ሥር ያለው ፍሬም ተሰነጠቀ። ፍሬም ማለት ሌላው ሁሉ የሚታሰርበት ዋናው ብረት ነው። ቡሬ ላይ አንድ በያጅ በየደልኝ። "ላንተ ለብቻህ ትችልሃለች። ከኋላ ሰው ከጫንህ ግን እኔ የለሁበትም" ብሎኝ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከኋላዬ ሰው ጭኜ አላውቅም። ከመጡት ገዢዎች አንዱም መቀመጫውን አላነሣም። ሁሉም የሚያፈጡት ቁጥሩ ላይ ነው፤ ከሞተሯ ሁሉ እኔ ያልነካሁት እሱን ብቻ ነበር። ብየዳውን ደግሞ ካልጠየቁኝ ብዬ ዝም አልሁ።

ረቡዕ ረፋዱ ላይ ወደ ቡሬ መንገድ ካለ ገጠር አንድ አባት መጡ። ሸምገል ያሉ፣ ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ ያጋደሙ ገበሬ ናቸው። ክሊኒኩ ግቢ ውስጥ ሞተሯን ሁለት ጊዜ ዞሯት፣ በሬ የሚገዛ ሰው እንደሚዞረው። ቆጣሪውን አላዩም። የጠየቁኝ ሌላ ነው። የት የት ነው የምትሄድባት? ከአንተ ሌላ ማን ነድቷታል? ለምን ትሸጣታለህ? ሁሉንም መለስሁላቸው፤ የባለቤቴን ትምህርትም ነገርኋቸው።

"ዘጠና አራት ሺህ ኪሎሜትር ሄዳለች፣ አባቴ። አልነካሁትም" አልሁ፣ አሁን ደግሞ ይኸው ሊጀምረኝ ነው እያልሁ።

"አልህ እኮ" አሉ። "አንተ ካልህ ነው።"

ሦስት ቀን ሙሉ አጥቼው የሰነበትሁትን ነገር ያለ ልመና ሰጡኝ። ዋጋውን ያለ ደላላ ጨረስን፤ እሳቸው ትንሽ ጨመሩ፣ እኔ ትንሽ ቀነስሁ። የሚገዟት ለልጃቸው ነው። የእንስሳት ጤና ተምራ ጨርሳ ገጠር ተመድባለች፣ እንደኔው። ፊታቸው በርቶ ነበር።

"እናቷም እግሯን ያማታል። እንግዲህ ከኋላ እየጫነች ቤተ ክርስቲያን ታደርስልኛለች" አሉና ብሩን ሊያወጡ እጃቸውን ወደ ብብታቸው ላኩ።

ያቺን "ከኋላ" የምትለዋን ባልሰማ ኖሮ። በቃ፣ ልሸጥላቸው ነበር፤ ባለቤቴም ዓርብ ያለ ጣጣ ትመዘገብልኝ ነበር።

"አባቴ፣ ቆዩ እስኪ" አልሁና መቀመጫውን አነሣሁ። ብየዳውን አሳየኋቸው። የጥጃውንም፣ የጉድጓዱንም፣ በያጁ ያለኝንም ሳላስቀር ነገርኋቸው። "ለልጅዎ ለብቻዋ ትሆናለች። ለሁለት ሰው ግን አትሆንም። ዋጋውንም ልቀንስልዎ" አልሁ። እውነቴን ነው፣ ደስ ብሎኝ ነበር የተናገርሁት። ለሚያምን ሰው መናገር እንዴት ይቀላል እያልሁ።

እሳቸው ግን እጃቸውን ከብብታቸው ባዶውን መለሱ።

"ይኸን ማን ጠይቆህ ነገርኸኝ?"

"ማንም አልጠየቀኝም።"

"ልጄ፣ እኔ አርባ ዓመት በሬ ገዝቻለሁ፣ ሸጫለሁ። የበሬውን ነውር ሳይጠየቅ የነገረኝ ሰው ሁለት ጊዜ ገጥሞኛል። ሁለቱም ትንሹን የነገሩኝ ትልቁን እንዳላይ ነው።" ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ጎንበስ ብለው ቆጣሪውን አዩ። "ዘጠና አራት ነው ያልኸኝ?"

"አዎ፣ አባቴ። ዘጠና አራት።"

"ይሁን። እግዜር ገበያህን ያቅናልህ" አሉ፣ በጨዋ አንደበት፣ ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ እየመለሱ። ከግቢው ሲወጡ እኔ መቀመጫውን እንዳነሣሁ ቆሜ ነበር። ተከትዬ ልለምናቸው አሰብሁ። ምን ብዬ? የበለጠ በተናገርሁ ቁጥር የበለጠ ሊጠረጥሩኝ ነው።

ሐሙስ ቡሬ ሄድሁ፣ ያገለገለ ሞተር የሚነግድ ሰው ዘንድ። እሱ ምንም አልጠየቀኝም። ቁጥሩን አየት አድርጎ አለፈው። ብየዳውን ስነግረው "ቀለም ለምን ተሠራና?" ብሎ ሳቀ። ከገበሬው ጋር ከጨረስሁት ዋጋ ሲሶውን ጎምዶ ሰጠኝ። ምን ሊያደርጋት እንደሆነ አውቄዋለሁ። እንዲህ ዓይነት ነገር አላወቅሁም ማለት አልወድም። ከእጄ ከወጣች በኋላ ያለው የሱ ጣጣ ነው ብዬ ለራሴ ነገርሁት፣ ፈረምሁ፣ በሚኒባስ ተመለስሁ።

ባለቤቴ ያመጣሁትን ስትሰማ ተነሥታ የወርቅ ጉትቻዋን አወለቀች። የእናቷ ነው። "ይሞላል" አለች። ዓርብ ተመዘገበች። ለምን ለሰውየው ነገርሃቸው ብላ አንድም ቀን አልጠየቀችኝም። ብትጠይቀኝ ይሻለኝ ነበር፤ ባዶ ጆሮዋን ባየሁ ቁጥር እኔው ራሴን እጠይቃለሁ።

ሁለት ወር አለፈ። እኔ ከክሊኒኩ አልወጣም፤ መድኃኒትና ክትባት ማደል ሆኗል ሥራዬ። በገበያ ቀን አንዲት ወጣት የበረዶ ሳጥኗን አንጠልጥላ ገባች። አዲስ የተመደበች ባለሙያ ናት፤ ለቀበሌዋ ክትባት ልትወስድ ነው የመጣችው። አስፈርሜ ሰጠኋትና ሳጥኑን ሞተሯ ላይ ላስርላት አብሬያት ወጣሁ።

በር ላይ የቆመችው ሰማያዊ ሞተር ናት። ቀለሟ ያብረቀርቃል፣ የመቀመጫዋ ልብስ አዲስ ነው። ጎንበስ ብዬ ገመዱን ሳስር ግን በግራ በኩል ያለውን የእግር መርገጫ አየሁት። ዋናው ተሰብሮ በብረት ቁራጭ ያሠራሁት መርገጫ ነው፤ ስምንት ዓመት እግሬን ያሳረፍሁበት። ሰሌዳውን አየሁ፤ ያው ነው። ቆጣሪዋ ሃያ ሁለት ሺህ ይላል።

"ዶክተር፣ እርስዎ ሞተር ያውቃሉ ብለውኛል" አለች፣ መርገጫው ላይ ሳፈጥ አይታ። "አባቴ ናቸው ከቡሬ የገዙልኝ። ብዙም ያልተነዳች ናት። ተሞኝተዋል ይሆን?" ዋጋውን ነገረችኝ። እኔ መጀመሪያ ለገበሬው ከጠራሁት ይበልጣል።

"መቀመጫውን አንሺው፣ እህቴ" አልኋት። "እሱን ብረት በጣትሽ ዳሰስ አድርጊው።"

ዳሰሰችው። ሰማያዊው ቀለም ሥር የብየዳውን ጉብታ ጣቷ አገኘው፤ ወዲያው እጇን ሰበሰበች።

"እንዴት አወቁት? አባቴ እኮ ይኸን ነበር የሸሹት። እዚሁ ከተማ አንዲት ቀይ ሞተር ተስማምተው ሳለ ሰውየው ራሱ ብየዳ አለባት ሲላቸው ትተዋት ሄዱ። ሳይጠየቅ የሚናገር ሰው አይታመንም ብለው።"

"እናትሽን ጭነሻቸዋል?" ነው ያልሁት።

"በየእሑዱ። ዛሬ ደግሞ አባቴን ጭኜ ነው የመጣሁ፤ እህል ተራ እየጠበቁኝ ነው።"

ቁልፉን ተቀበልኋት። ሞተሯን እዚያው አቁመን በእግር ወደ ገበያው ሄድን። መንገድ ላይ ሁሉንም ነገርኋት። አባቷ ጤፍ ነጋዴዎቹ አጠገብ ዱላቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ከሩቅ ለዩኝ። ልጃቸው ከጎኔ መሆኗ ገርሟቸው አንዴ እኔን፣ አንዴ እሷን አዩ። ጎንበስ ብዬ እጅ ነሣሁ።

"ዶክተር፣ እንደምን ሰነበትህ? ያችን ቀይዋን ሸጥሃት?" አሉኝ።

"ሸጥኋት፣ አባቴ።"

"ለማን?"

"ለእርስዎ" አልኋቸው።