የቄራው ሰውዬ ልብ

ሃርት አታክ በያዘኝ በሦስተኛው ወር፣ ለክትትል ካዛንቺስ አንድ ክሊኒክ ሄድኩ። ሐኪሟ ልቤን በአልትራሳውንድ እያየች ጠየቀችኝ።

«ወንድም አለዎት?»

«የለኝም። ለአባቴም ለእናቴም አንድ ነኝ።»

«ይገርማል። ቶሎ ታክመዋል፣ ልብዎ ግን ከጠበቅኩት በላይ ተጎድቷል። እንዲህ ያለው ነገር በዘር ሊወረስ ይችላል። ዛሬ ጠዋት አንድ ሰውዬ ላይ ልክ ይህንኑ አየሁ።»

ስወጣ ኮሪደሩ ላይ አንድ ጎልማሳ ውጤት ይጠብቃል። በአውራ ጣቱ ደረቱን ሦስቴ ፈተግ ፈተግ አድርጎ «ኡፍ» አለ። ቆሜ አፈጠጥኩበት። አባቴ በልብ ሕመም እስኪሞት ድረስ እንዲህ ነበር የሚያደርገው፤ በዚያው ጣት፣ ሦስቴ።

«ምነው ጋሼ፣ አመመዎት?» አለኝ።

«ሰፈርህ የት ነው?»

«ቄራ። እዚያው ተወልጄ እዚያው አደግኩ።»

በቃ፣ ቅዳሜዎቹ ትዝ አሉኝ። አባቴ ሥጋ ልግዛ ብሎ በጠዋት ቄራ ይሄድና፣ ለአንድ ኪሎ ሥጋ ሲመሽ ነበር የሚመለሰው። ሰልፉ ነው ሲላት እናቴ ታምነው ነበር።

«እስቲ ስምህን እስከ አያትህ ንገረኝ» አልኩት።

ነገረኝ። ከራሱ ስም በቀር ሌላው የኔ ነበር።