ለቶሎሳ ብስክሌት ይዤ ወደ ሻሸመኔ

ከናዝሬት የተነሣሁት በጥቅምት ወር በአንድ ሐሙስ ማለዳ ነው። ዘመኑ ደርግ ነበር፤ ከከተማ ወደ ከተማ ለመሄድ ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት ይጠየቃል፤ እኔም የእኔን አጥፌ ሹራቤ ኪስ ውስጥ ከትቼዋለሁ። የምሄደው ሻሸመኔ አጠገብ በአንድ የመንግሥት እርሻ ወደሚሠራው ታላቅ ወንድሜ ወደ ቶሎሳ ነው። ይዤለት የምሄደው ደግሞ የውድድር ብስክሌቱን ነበር።

የእሱ ብስክሌት እንላለን እንጂ ንብረትነቱ የክለቡ ነው። በዚያው ሳምንት የክለቡ ኃላፊ ጓድ በላቸው ቤታችን ድረስ መጡ። ያለፈው እንዳለፈ፣ ቶሎሳ ወደ ክለቡ እንዲመለስ እንደተፈቀደለት፣ ናዝሬት ላይ ለሚደረገው ትልቅ ውድድር እንደሚፈለግ ለእማዬ ነገሯት። ልምምድ እንዲጀምር ብስክሌቱ ይድረሰው አሉ። እማዬ ደስታው አቅሏን አሳታትና ጉልበታቸውን ልትስም ስታጎነብስ ነው የያዝኳት። እኔ ያኔ የስልክ ኦፕሬተር ነበርኩ፤ ከመሥሪያ ቤቴ የጥቂት ቀን ፈቃድ ጠየቅኩ።

አውቶቡስ ተራ ስደርስ ረዳቱ ብስክሌቱን ዞር ዞር ብሎ አየውና የአንድ ሰው ሒሳብ ጠየቀኝ። ሰው እኮ አይደለም ስለው፣ ጣሪያ ላይ የሚቀመጥ መንገደኛ ነው አለኝ። አልተከራከርኩም። ዶሮ የታጨቀበት ቅርጫት ላዩ ላይ እንዳይጭንበት ብቻ ለመንኩትና ከሹፌሩ ኋላ መስኮት ይዤ ተቀመጥኩ።

ሞጆ

ሞጆ ስንደርስ የመኪና ጎማ የሚመቱት መዶሻዎች ድምፅና የቆዳ ፋብሪካው ሽታ አንድ ላይ ተቀበሉን። አውቶቡሱ ሰው ሊጭን ሲቆም፣ ጠና ያሉ አንድ ሰውዬ አንገታቸውን ወደ ጣሪያው አቅንተው ቆሙ። ከዚያ ገብተው፣ አጠገቤ ተቀምጠው፣ ለማንም ሳይሆን ለሁሉም፣ “ይሄ የቶሎሳ ብስክሌት ነው” አሉ። አረንጓዴ ቀለሙን ነው የለዩት። እህቱ መሆኔን ስነግራቸው እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ። የቆዳ ፋብሪካው ሠራተኛ ነበሩ። ቶሎሳ ከአዲስ አበባ በተነሣው ውድድር ሞጆን ብቻውን ሲያልፍ ፋብሪካው ማሽን አቁሞ ሠራተኛው አጥር ላይ እንደወጣ ለመንገደኛው ሁሉ ተረኩ።

እኔ የማስታውሰው ከዚያ በፊት ያለውን ነው። ቶሎሳ ብስክሌት የጀመረው ዳቦ በማመላለስ ነው። አባታችን ከሞተ በኋላ ከአንድ ዳቦ ቤት ተቀጥሮ፣ ጠዋት ጠዋት በከባድ ጥቁር ብስክሌት ትኩስ ዳቦ በኬሻ ለየሻይ ቤቱ ያደርስ ነበር። ናዝሬት ንፋሷ ያስቸግራል፤ አቧራውን ይዞ ፊት ለፊት ሲመጣ ሌላው ወርዶ ይገፋል፤ እሱ ደረቱን መሪው ላይ ለጥፎ ይነዳል። አንድ የፋብሪካ ክለብ እዚያ ላይ ነው አይቶ የወሰደው። በደመወዝ መዝገብ ላይ የመጋዘን ሠራተኛ ተብሎ ተጻፈ እንጂ መጋዘኑን ገብቶበት አያውቅም፤ ሥራው መንዳት ነበር። በሁለተኛው ዓመት የአገሪቱ ሻምፒዮን ሆነ። ከዚያ በኋላ ስሙን በሬዲዮ ስንሰማ ጎረቤት ሁሉ እኛ ቤት ይሰበሰባል፤ እማዬ ሬዲዮኑን በነጠላዋ ጫፍ ትወለውለዋለች። ቡልጋሪያ ድረስ ሄዶ ተወዳድሮ ሲመለስ ለእኔ ቀይ ጓንት አመጣልኝ፤ በናዝሬት ሙቀት ለብሼው ትምህርት ቤት ሄድኩ።

ሰውዬው መቂ ላይ ሲወርዱ ወንድሜ ለምን እንደተወ ጠየቁኝ። አሞት ነበር አልኳቸው። እውነቱን አውቶቡስ ውስጥ የሚናገር ሰው አልነበረም።

እውነቱ ይሄ ነው። የእኛ ቤት ጸሎት ቤት የሚሄድ ቤት ነው፤ ጸሎት ቤቱ ከተዘጋ በኋላም በየቤቱ ተራ እየገባን እንጸልይ ነበር። ቶሎሳ በናዝሬት አደባባይ ያሸነፈ ዕለት፣ ላቡ ሳይደርቅ፣ የድምፅ ማጉያውን ሰጡትና መፈክር አሰማ አሉት። “ከሁሉ በላይ አብዮቱ” ማለት ነበረበት። ጉያው በአበባ እንደተሞላ “እግዚአብሔር ይመስገን” አለና ማጉያውን መለሰላቸው። እኔ ከሕዝቡ መሀል ነበርኩ። ሕዝቡ ማጨብጨብ እንዳለበትና እንደሌለበት ጠፍቶት ዝም ሲል አይቻለሁ። በማግስቱ ወሰዱት። ሲፈታ ከክለቡ ተሰርዞ እርሻው ጋራዥ ተመደበ። ይሄው ሦስተኛ ዓመቱ ነው።

ዝዋይ

ዝዋይ ለምሳ ቆምን። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች በምግብ ቤቱ ደጅ እንደ ተራ ጠባቂ ቆመው የአሳ ጭንቅላት ይጠብቃሉ። የተጠበሰ አሳ በሚጥሚጣ በላሁ። እጄን ሳልታጠብ ኬላ ላይ ፍተሻ ነው ተባለ።

አንዱ አብዮት ጠባቂ ጣሪያው ላይ ወጥቶ ብስክሌቱ የማነው አለ። የክለቡን ደብዳቤ ሰጠሁት። ስሙ ላይ ሲደርስ ዓይኑ ቆመ። ታስሮ አልነበረም ወይ ብሎ ጠየቀኝ፤ ተፈቷል አልኩት። ደብዳቤውን ወደ ኪሱ ሊከት መስሎኝ ነበር። እሱ ግን መለሰልኝና ተመልሶ ጣሪያው ላይ ወጣ። የላላውን ገመድ ፈትቶ ራሱ አጥብቆ አሰረው። ሲወርድ ፊቴን ሳያይ፣ “ሲነዳ አይቼዋለሁ” አለና ሄደ።

ከዝዋይ በኋላ ግራሩ በዛ። መንገድ ዳር ከሰል በኬሻ ተደርድሯል፤ ላንጋኖ ቡናማ ውኃውን እያብለጨለጨ በግራችን አለፈ። አርሲ ነገሌ ስንደርስ አየሩ ቀዘቀዘ፤ ሹራቤን ቆለፍኩ።

ሻሸመኔ

ሻሸመኔ መስቀለኛው ላይ የጭነት መኪናና የድንች ኬሻ መላወሻ አሳጥተውታል። ጋሪ ተከራየሁ። ባለጋሪው በኦሮምኛ ሰላም ነው ወይ ብሎ ሰላምታ ሰጥቶኝ፣ ብስክሌት በጋሪ መጫን ፈረሱን መስደብ ነው እያለ እስከ እርሻው ሳቀ።

ቶሎሳ ከጋራዡ ወጣ። ወፍሯል። እጁ ግሪስ ስለነበር በመዳፉ ሳይነካኝ በክንዱ አቅፎ ሳመኝ። ብስክሌቱን ያየው ከዚያ በኋላ ነው። በአሮጌ ጨርቅ እጁን ጠረገ፤ ጎማውን በአውራ ጣቱ ጫን ጫን አደረገ፤ ካቴናውን አዙሮ ጆሮውን ሰጠው። የነገሩኝን ሁሉ ነገርኩት፤ የእማዬን ደስታም ጨምሬ።

“ምን እንድል ነው የሚፈልጉት?” አለኝ።

“ስለዚያ ምንም አላሉም፣ ወንድምጋሼ።”

“አላሉም ወይስ አልጠየቅሽም?”

“አልጠየቅኩም።”

ሳቀ። የሚያሾፍ ሳቅ አልነበረም፤ ልጅ ሆኜ ስወድቅ የሚስቀው ዓይነት ነው። በአውቶቡስ አልመለስም፣ ብስክሌቱን ነድቼው እሄዳለሁ አለ። ለክለቡ ለመስጠት ይሁን ለመወዳደር አልነገረኝም፤ እኔም ለመጠየቅ ፈራሁ። መንገዱን ሁሉ የማስበው ይሄንኑ ነበር። እምቢ ካለ እማዬን ምን እላታለሁ፤ እሺ ካለስ እሱ ምን ይሆናል?

በቆሎ ሊጭኑ የመጡ የሞጆ ሹፌር ነበሩ፤ ጋሽ ከማል ይባላሉ። ወሬውን ከጋራዡ ሰምተው እኔን ጋቢና እንደሚያሳፍሩኝ፣ ከኋላው ቀስ ብለው እንደሚነዱ ነገሩን። ሰውዬው ውድድር ሲኖር መኪናቸውን ዳር አቁመው ጫማቸውን አውልቀው የሚመለከቱ ሰው ናቸው።

መልስ

ጠዋት ስንነሣ ጭጋግ ነበር። ቶሎሳ እስከ አርሲ ነገሌ ከመኪናው ጎን እየነዳ ከእኛ ጋር ጨዋታ ይዞ ሄደ። ወደ ላንጋኖ ሲወርድ ጠፋብን፤ ጋሽ ከማል ማርሽ እየቀየሩ፣ ይሄ ሰው ሦስት ዓመት ጋራዥ ውስጥ ነው የኖረው ያልሽኝ አሉኝ። ቡልቡላ ስንደርስ ግን ከአንድ ግራር ሥር ተቀምጦ አገኘነው። ንፋሱ ፊት ለፊት መጥቶበታል፤ የበላውን መልሷል፤ ከንፈሩ ነጭ ሆኗል። ጋሽ ከማል ወርደው ውኃ ሰጡት።

“ልጄ፣ ጭነነው እንሂድ። ማንም አላየህም” አሉት።

ራሱን ነቀነቀ። ውኃውን አንገቱ ላይ አፈሰሰና ተነሣ። ጋሽ ከማል መኪናውን ከፊቱ አሳልፈው፣ ንፋሱን እየከለሉለት፣ በመስታወት እያዩት እንደ ሙሽራ መኪና ነዱ። ከኋላ የሚመጣው ሁሉ ጥሩምባ ይነፋባቸዋል፤ እሳቸው እጃቸውን በመስኮት አውጥተው እለፉ ይላሉ። ዝዋይ አደርን፤ ቶሎሳ ራቱን ሳይጨርስ ቁጭ ባለበት እንቅልፍ ወሰደው።

በማግስቱ ሌላ ሰው ሆኖ ተነሣ። ከመቂ እስከ ዓለም ጤና በሽንኩርት ማሳዎቹ መሀል ሲነዳ ሠራተኛው ቀና ብሎ እያየ ይጣራል። ስሙን የሚያውቁ ነበሩ፤ የማያውቁም ያዩት ነገር ደስ ስላላቸው ብቻ ይጮሃሉ። መንገዱን እንዴት እንደሚያውቀው ያየሁት ያኔ ነው። ጉድጓዱ ከመድረሱ በፊት ይታጠፋል፤ ዳገቱ ከመጀመሩ በፊት ይነሣል። ከቆቃ ወደ ሞጆ ያለውን ዳገት ሲወጣ ትከሻው እንደ ድሮው አልነቃነቅ አለ። ጋሽ ከማል ማልቀስ አያውቁም ብዬ ነበር፤ አቧራ ነው አሉኝ፤ አቧራ ግን አልነበረም።

ሞጆ ላይ የቆሙት ሹፌሮች ከእኛ ቀድመው ሰምተዋል። ግራና ቀኝ ተሰልፈው ጥሩምባቸውን ለቀቁት። ከዚያ ወዲያ መንገዱ ወደ ናዝሬት ይወርዳል፤ እሱም ወረደ። ከተማው መግቢያ ላይ ሰው ከሻይ ቤት ብርጭቆ እንደያዘ ይወጣል። ሰልፍ እንዲወጣ ማንም አልጠራውም። በራሱ የወጣ ሕዝብ ካየሁ ብዙ ጊዜዬ ነበር። እማዬ በር ላይ እልል ስትል ጎረቤት ተቀበላት።

ናዝሬት

ጠዋት አብሬው ወደ ክለቡ ሄድኩ። ጓድ በላቸው ቆመው ተቀበሉት፣ ወንበር ሰጡት፣ ማሊያ ከመሳቢያ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ዘረጉለት። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ በውድድሩ ዕለት ከመነሻው በፊት መፈክሩን እሱ እንዲያሰማ ከበላይ እንደታዘዘ ነገሩት። ያቺ አንዲት ነገር ብቻ ናት አሉ።

ቶሎሳ ማሊያውን በመዳፉ ዳሰሰው።

“ጓድ በላቸው፣ እግሬ ያውላችሁ። አፌን ግን ተዉልኝ።”

“ከንፈርህን ብታንቀሳቅስ ይበቃል። በዚያ ጫጫታ ማን ይሰማሃል?”

“እኔ እሰማዋለሁ።”

ጓድ በላቸው በሩ ላይ የቆመ ሰው ይኖር እንደሆነ ዞር ብለው አዩ፤ ማንም አልነበረም። በመጨረሻ ብስክሌቱን ግድግዳው ጋ እንዲያቆመው ነገሩት፤ ማሊያውን አጥፈው መለሱ። ሊወጣ ሲል፣ ጉልበቱ እንደተጎዳና መወዳደር እንደማይችል እንደሚጽፉ፣ ማንም ቢጠይቀው እንዲሁ እንዲል ነገሩት። እሱ ውሸት አልናገርም አለ። እንግዲያው ዝም በል አሉት፤ እሱን እሺ አለ።

ጓድ በላቸው እንዳሉት ጻፉ፤ ዳግመኛ የወሰደው የለም። የናዝሬት ሰው እስከ ዛሬ ቶሎሳን የጣለው ጉልበቱ ነው ይላል። ቶሎሳ ወደ እርሻው ጋራዥ ተመለሰ፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ጋሽ ከማል መጥተው ረዳታቸው አደረጉት፤ ቆይቶም መንጃ ፈቃድ አወጣና ከሞጆ ሻሸመኔ በቆሎና ድንች ሲያመላልስ ኖረ። ያንን መንገድ አሁንም ዓይኑን ጨፍኖ ያውቀዋል።

ያን ጠዋት ከክለቡ በእግራችን ወጣን። ከዚያ ቀን በፊት ናዝሬት ውስጥ ከቶሎሳ ጋር በእግሬ የሄድኩበት ጊዜ ትዝ አይለኝም፤ ሁልጊዜ እሱ ቀድሞ ሄዶ እኔ እደርስበት ነበር። እጆቹን የት እንደሚያስቀምጥ ጠፍቶት አንዴ ኪሱ ይከታል፣ አንዴ ወደ ኋላ ያጣምራል። ትናንት ያጨበጨቡለት ሰዎች ብስክሌቱ አብሮት አለመኖሩን አይተው ለመጠየቅ ይከጅላሉ፤ ፊቱን አይተው ይተዋሉ። ፊቱ የተሸነፈ ሰው ፊት አልነበረም። ወደ ሻሸመኔ የሄድኩት የተወሰደበትን ልመልስለት ነበር። ያንን ሁሉ መንገድ ሄጄ ተመልሼ ያወቅኩት፣ ዋናውን ነገር እንዳልወሰዱበት ነው። ይሄንን ያን ጊዜ እንዲህ ብዬ መናገር አልችልም ነበር፤ ከጎኑ መሄድ ብቻ ደስ አለኝ።

እማዬ በር ላይ ቆማለች። ከእኛ ኋላ መንገዱን አየች፤ ከዚያ እሱን አየችው።

“ብስክሌቱስ?” አለችው።

“መለስኩት።”

“አንተስ?”

“እኔማ መጣሁ፣ እማዬ” አለና ጎንበስ ብሎ ጉልበቷን ሳማት።