ገብሱ ውስጥ የቆመው ችካል

ከመካነ ሰላም ወደ አቀስታ በሚሠራው መንገድ የአንዱን ኩርባ ችካል የተከልኩት እኔ ቀያሹ ነኝ። ልኩ ላይ ብተክለው ግሬደሩ ስለሚነቅለው፣ ከመንገዱ ጠርዝ ሦስት ሜትር አውጥቼ ገብስ ማሳ ውስጥ አቆምኩት። የማሳው ባለቤት፣ አንድ ሽማግሌ፣ ደንግጠው መጡ። «አባቴ፣ አይስጉ፤ ይሄ ምልክት ነው እንጂ መንገዱ እዚህ አይደርስም» አልኳቸው። «አልሐምዱሊላህ» ብለው መርቀውኝ ሄዱ።

ገብሱ ሊታጨድ ሲል የግሬደሩ ሾፌር ችካሉን ተከትሎ ሰብሉን ከነአፈሩ ገፈፈው። በችካሉ ላይ «ጠርዙ ከዚህ ሦስት ሜትር ወደ መንገዱ ነው» ብዬ በቀይ ቀለም ጽፌያለሁ፤ ማን ያንብበው። አለቃዬ ከመኪናው እንኳ ሳይወርድ «ኩርባው ሰፋ ቢል ምን ይጎዳል» አለ። ደሜ ፈላ። ሽማግሌው የተረፈውን ዛላ ከአፈር እየለቀሙ «አብሽር ልጄ» አሉኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

አሁን በሚቀጥለው ኩርባ ላይ የምተክለውን ሁሉ ገበሬው እየነቀለ ይጥለዋል። አለቃዬ ደግሞ ቀበሌ ሄደህ ክሰሳቸው ይለኛል። በምን አፌ?