ሳልምል የታመንኩበት ቀን

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። አብራኝ ላረጀችው ባለቤቴ አልነገርኳትም። ለቤተ ክርስቲያናችን መጋቢም አልነገርኩትም፤ ሌላው ሰው ልቡን ሊያራግፍ ወደ እሱ ሲመጣ ወንበር የማቀርበው ግን እኔ ነኝ። ለብቻዬ ስጸልይ እንኳ «በማወቅም ባለማወቅም የበደልኩትን» እያልኩ በደፈናው አልፈዋለሁ። «ባለማወቅ» የሚለውን ለምን እንደምጨምር እኔ አውቃለሁ።

አንተ የምታነበኝ ሰው፣ አላውቅህም። ስለማላውቅህም ነው የምነግርህ። ደፈረ አትበለኝ፤ አርጅቻለሁ፣ የምፈራው ነገር አልቆብኛል። የሠራሁት ይህ ነው፤ የሕዝብ መኪና ሰበርኩ፣ ሌላ ሰው ታሰረበት። መኪና መስበር የወጣትነት ነገር ነው፣ ጊዜ ሲያልፍ በሳቅም ይወራል። ሁለተኛው ግን አይሳቅበትም።

ዘመኑ የደርግ ነበር። ከዱራሜ ወጣ ብሎ ባለ አንድ የገበሬዎች አገልግሎት ማህበር ውስጥ ግምጃ ቤት ጠባቂ ነበርኩ። ትንሽ ስለተማርኩ፣ ከዚያም በላይ የአማኝ ቤተሰብ ልጅ ስለሆንኩ ነው የመረጡኝ። በኛ አገር ያኔ «አማኝ ነው» ከተባለ አይጠጣም፣ አይሰርቅም፣ አይዋሽም ማለት ነበር። ካድሬዎቹ ጸሎት ቤታችንን አሽገውት፣ በየሰው ቤት ድምፃችንን ዝቅ አድርገን እንዘምር ነበር። ስማችን ግን አልታሸገም። ገበሬው ቁልፉን የሚያምነው ለኛ ነበር።

ማህበሩ አንዲት ነጭ ፒክአፕ ነበረችው። ገበሬው ከቡናውና ከዝንጅብሉ እየቀነሰ ስንት ጊዜ አዋጥቶ ያመጣት ናት። ማዳበሪያ ታመጣለች፣ ምጥ የጠናባትን ሴት ሆሳዕና ሆስፒታል ታደርሳለች፣ አንዳንዴም ሬሳ ይዛ ትመለሳለች። ስትገዛ ዋስትና ነበራት፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ከተበላሸች የሸጠልን ድርጅት በነፃ ይጠግናል ተብሎ ነበር። ዋስትናው ያለቀው ይህ ነገር ሊሆን ጥቂት ወራት ሲቀሩት ነው።

ሾፌሯ ጋሽ ከድር ነበር። አባቱ ከጉራጌ አገር መጥተው ሆሳዕና ሱቅ የከፈቱ ሰው ናቸው። ከድር ሙስሊም ነው፣ ጫት ይቅማል፣ ሳቁ ከሩቅ ይሰማል፤ በኛ ጸጥተኛ ሰፈር ይህ ሁሉ በአንድ ሰው ላይ ሲሰበሰብ ሰው ትንሽ ይርቀዋል። እኔን ግን ይወደኝ ነበር። አመሻሽ ላይ ኳስ ሜዳው ላይ በድብቅ መንዳት ያስተማረኝ እሱ ነው። ማርሹ እምቢ ሲለኝ ስታገል እያየ «ቀስ በላት፣ ታዴ። ካምቢዮ ጉልበት አይወድም» ይለኝ ነበር። ታደሰ ነው ስሜ፤ ታዴ የሚለኝ እሱ ብቻ ነበር።

ጠዋት ጠዋት አንድ ልማድ ነበረው። ሞተሩን ሳያስነሳ በፊት ከረጢት ያነጥፍና ከመኪናዋ ሥር በጀርባው ይተኛል። የሚንጠባጠብ ነገር እንዳለ መሬቱን ያያል፣ ሆዷን በእጁ ይዳስሳል። ከዚያ ተነስቶ ልብሱን አራግፎ ይገባል። ሰው «ይህ ሰውዬ ለመኪናዋ ይሰግዳል» እያለ ይቀልድበት ነበር።

ሙዱላ ውስጥ የምፈልጋት ልጅ ነበረች፤ ዛሬ ባለቤቴ ናት። አባቷ ያላቸው ሰው ነበሩ፣ እኔ ደግሞ ከቁልፍ በቀር ምንም የሌለኝ። ሽማግሌ ከመላኬ በፊት አንድ ቀን ብቻ መሪ ይዤ በደጃቸው ባልፍ ብዬ ተመኘሁ። እንዲያው ባልፍ፣ እጄን አንስቼ ሰላም ብዬ ባልፍ። ለዚህ ነው። ለሌላ ነገር ቢሆን ኖሮ ዛሬ የምናገረው ባላጣሁ። የታመመ ሰው አልያዝኩም፣ የተቸገረ ወንድም አልጠራኝም። እዩኝ እዩኝ ማለት ብቻ ነው።

አንድ ቅዳሜ የከድር አክስት ሞተው ለቅሶ ሆሳዕና ሄደ። የቀበሌው ሰው በሙሉ ለእርከን ሥራ ተራራ ላይ ወጥቷል። የመኪናዋ ቁልፍ ኪሴ ውስጥ ነው። ወሰድኳት። ማንም አላዘዘኝም፣ ማንም አልገፋፋኝም፤ እኔ ነኝ የወሰድኳት።

በደጃቸው አለፍኩ። አባቷም አዩኝ፣ ባርኔጣቸውን አነሱልኝ። ደስታዬ የቆየው እስከ ወንዙ ድረስ ነው። ስመለስ ወንዙን ስሻገር ፍጥነቴን አልቀነስኩም፣ የመኪናዋ ሆድ ድንጋይ መታ። ወርጄ ሳይ ከካምቢዮዋ ሥር ወፍራም ጥቁር ዘይት ይወርዳል። ልብስ ከሚያጥቡ ሴቶች ሳሙና ለምኜ፣ ሾፌሮች ሲያደርጉ እንዳየሁት ከጨርቅ ጋር አድርጌ ስንጥቁን ደፈንኩት። የፈሰሰውን ግን የምተካበት ዘይት አልነበረኝም። ቀስ እያልኩ ግቢ አደረስኳት፣ በቦታዋ አቆምኳት፣ ሆዷን ጠረግኩ። እሁድ ስመጣ ሥሯ ነጠብጣብ አገኘሁ። አመድ በተንኩበት። የልጅቷን አባት ሙዱላ ድረስ ሄዶ የጠየቃቸው የለም። እነዚያንም ሴቶች በኋላ የጠየቃቸው ሰው የለም፤ ያኔ ሴት ምን አየሽ ተብላ የምትጠየቅበት ስብሰባ አልነበረም።

ሰኞ ጠዋት ከድር መጣ። ለቅሶ ላይ ስለሰነበተ ድምፁ ጎርንኗል። ከረጢቱን አንስቶ ሊያነጥፍ ጎንበስ ሲል አየሁት።

«ጋሽ ከድር፣ ማዳበሪያው ሆሳዕና ገብቷል አሉ። ሌላ ማህበር ሳይቀድመን ቶሎ በል» አልኩት።

«አንድ አፍታ፣ ሆዷን ልያት።»

«ስትመለስ ታያታለህ። ሊቀመንበሩ መንገድ ላይ ቆሞ እየጠበቀህ ነው።»

የማህበሩ ሊቀመንበር ቤቱ ተኝቶ ነበር። ከድር ከረጢቱን ወደ ጥግ ወረወረና «ዛሬስ አለቃ ሆነሃል» ብሎ ስቆብኝ ገባ።

የምናዘዘው እዚህ ላይ ነው። ወንዙ ላይ የሆነው ሳላስበው ሆነ እንበል። ግቢው ውስጥ የሆነውን ግን አስቤበት ነው ያደረግኩት። ያ ሰው ከመኪናዋ ሥር እንዳይተኛ የከለከልኩት እኔ ነኝ። ቢያየው ኖሮ ምን ይሆን ነበር? ይሰድበኝ ነበር። ምናልባት ጆሮ ግንዴን ይለኝ ነበር። ከዚያ ስንጥቁን አስበይደን፣ ዘይት ፈልገን ሞልተን፣ ነገሩ በሁለታችን መሀል ይቀር ነበር። ይህን ያኔም አውቅ ነበር። ታዲያ ለምን አስቸኮልኩት? ስድቡን ፈርቼ ነው። አንድ ስድብ።

መኪናዋ ማዳበሪያ ጭና ስትመለስ አንጋጫ ዳገት ላይ ካምቢዮዋ ውስጥ አንድ ነገር ተንቋቋ፣ ከዚያ ምንም ማርሽ አልገባም አለ። ከሆሳዕና የመጣው መካኒክ ሲፈታው ዘይት የሚባል የለበትም፣ ጥርሶቹ ተቃጥለው ረግፈዋል። «ይሄ አይጠገንም፣ ሙሉውን መቀየር ነው» አለ። ሊቀመንበሩ አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ የሸጠልንን ድርጅት ለመነ። ዋስትናው አልፏል አሉት፤ አዲስ ካምቢዮ ከውጭ በዶላር የሚመጣ ነው፣ ያውም ተራ ጠብቃችሁ አሉት። ዋጋውን ስብሰባ ላይ ነገረን። የሚመጣው ዓመት ቡና ሙሉ ለሙሉ ቢሸጥ አይሸፍነውም። ሰው እንዲህ ያለ ዋጋ ሲነገረው መጀመሪያ የሚጠይቀው ማን አደረገው ብሎ ነው።

ጉዳዩ ወረዳ ከደረሰ አሻጥር ይባላል። አሻጥረኛ የተባለ ሰው በዚያ ዘመን ምን እንደሚገጥመው ሁሉም ያውቅ ነበር። ስለዚህ ሽማግሌዎቹ ካድሬውን ቀድመው ግቢው ውስጥ ተቀመጡ። የሁሉም ታላቅ አቶ ኤርጃቦ ናቸው የተናገሩት። «ያጠፋ ሰው እዚህ ይናገር። ልጃችን ነው፣ ተካፍለን እንችልለታለን። ዛሬ ካልተናገረ ግን ነገ ከእጃችን ይወጣል» አሉ። አየህ፣ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶልኝ ነበር። ተካፍለን እንችልለታለን ብለዋል። ያን ቃል ሰምቼ ዝም ያልኩ ሰው በምን አፌ ራሴን እከላከላለሁ?

መሐላ ሆነ። በኛ አገር ሽማግሌ ፊት የሚማል መሐላ ቀላል አይደለም፤ በሐሰት የማለ ሰው ዘሩ አይባረክም ተብሎ ይፈራል። ከድር ቀርቦ በትንሿ ልጁ ራስ ላይ እጁን ጫነና «ወላሂ፣ የመታሁት ድንጋይ የለም። ዘይቱ የት እንደሄደ አላውቅም» አለ። ከኋላ አንድ ሰው «መርቅኖ ምን ያውቃል» ብሎ አጉረመረመ፤ ጥቂቶች ሳቁ። ተራው የኔ ሆነ፣ ቁልፍ ያዥ ነኝና።

«እኔ አማኝ ነኝ። እምነቴ መማል አይፈቅድልኝም» አልኩ።

እውነት ነው፣ አይፈቅድም። እናትና አባቴ አንድ ቀን ሳይምሉ ነው የሞቱት። እኔ ግን ያን ቀን ያልማልኩት ስለ እምነቴ አልነበረም። መሐላውን ፈርቼ ነው። የአያቶቼን መሐላ እንደ ማንኛውም ገበሬ ፈራሁት፤ ፍርሃቴንም በወንጌል ሸፈንኩት። ሕዝቡ ግን አከበረኝ። አቶ ኤርጃቦ «ተዉት፣ የነሱ ቃል ከመሐላ ይበልጣል» አሉና ወደ እኔ ዞሩ። «ሳትምል ንገረን ልጄ። ቅዳሜና እሁድ መኪናዋ ከዚህ ግቢ ወጥታለች?»

«አልወጣችም። ሰኞ ጠዋት ደህና ነበረች» አልኩ።

የማለው ሰው አልታመነም፣ ያልማልኩት እኔ ታመንኩ። የአማኝ ቃል የሚለውን ስም ያቆሙት በእምነታቸው የታሰሩ ወንድሞቼ ናቸው፤ እኔ ግን በዚያ ስም ተከልዬ ዋሸሁ።

ከድርን በማግስቱ ወሰዱት። ሆሳዕና፣ አውራጃው እስር ቤት፣ ሁለት ክረምት ተቀመጠ። ሲወጣ መንጃ ፈቃዱን ነጥቀውታል፤ መሪ ዳግም አልያዘም፣ መናኸሪያ ዕቃ እያወረደ ኖረ። እሱ ታስሮ እያለ ለሚስቱ ለሩቅያ ቆጮ እልክላት ነበር። «አንተ ባትኖር ማን ያስበን ነበር» እያለች መረቀችኝ፣ እኔም አሜን እያልኩ ተቀበልኩ። መኪናዋ ግቢ ውስጥ እንደቆመች ዛገች፣ ዶሮ ተኛባት። ገበሬው ማዳበሪያውን በአህያና በሚስቱ ጀርባ ማጓጓዝ ቀጠለ። ምጥ የጠናባቸው ሴቶች እንደ ድሮው በቃሬዛ ሆኑ፤ ሳይደርሱ የቀሩም አሉ። ስንት እንደሆኑ ጠይቄ አላውቅም።

ዘመኑ ክፉ ነበር፣ ምን ታደርግ ትለኝ ይሆናል። እኔም ራሴን እንዲህ ስል ኖሬያለሁ። ጴንጤ፣ በዚያ ላይ አሻጥረኛ ቢሉኝ ከከድር የባሰ ይደርስብኝ ነበር፤ ይህም እውነት ነው። ግን ያን ከረጢት ከከድር እጅ ያስጣለው ዘመኑ አይደለም። እኔ ነኝ። ደግሞስ ዘመኑ ካለፈ በኋላ? ደርግ ወደቀ፣ ጸሎት ቤታችን ተከፈተ፣ እኔም የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ተብዬ ተመረጥኩ። ያኔስ አፌን የያዘው ማን ነበር?

ከብዙ ዓመት በኋላ ከድር በጠና ታሟል ሲሉኝ ሆሳዕና ሄድኩ። ልነግረው ነበር የሄድኩት። ይህን እመነኝ፤ ባታምነኝም አልፈርድብህም። መንገዱን ሁሉ የምናገረውን ስለማመድ ነበር። ሩቅያ አስገባችኝ፣ ትራሱ አጠገብ በርጩማ ሰጠችኝ። ከስቶ ዓይኑ ብቻ ቀርቷል። እጄን ያዘኝ።

«ታዴ፣ እንኳን መጣህልኝ። ያን ነገር ብዙ አሰብኩበት» አለኝ። «አንተ መኪናዋ አልወጣችም ብለሃል። አንተ ደግሞ አትዋሽም። ስለዚህ ጥፋቱ የኔ ነው ማለት ነው። የለቅሶ ድካም ነበረብኝ፣ መንገድ ላይ ሳላውቅ መትቻት ይሆናል። ያን ቀን ሆዷንም ሳላይ ነው የተነሳሁት። የዚያን ሁሉ ገበሬ ላብ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ሁሉንም አሁን የት አገኛቸዋለሁ? አንተ በነሱ ፋንታ ይቅር በለኝ፣ አፉ በለኝ።»

ሽማግሌ ፊት የተናገርኩት ውሸት ሕዝቡን ብቻ አልነበረም ያሳመነው። በደህና ጊዜው ወላሂ ብሎ የማለውን ሰው፣ ራሱን ከድርን አሳምኖታል። እስር ቤት ተኝቶ፣ መናኸሪያ ጆንያ ተሸክሞ፣ ያን ሁሉ ዘመን ጥፋቱን ራሱ ላይ ሲፈልግ ኖሮ በመጨረሻ አገኘሁት አለ።

አሁን መናገር እችል ነበር። ካድሬ የለም፣ ወረዳ የለም፣ ካምቢዮ ክፈል የሚለኝ የለም። ያለው አንድ የሚሞት ሰውና ሚስቱ ናቸው። ሩቅያ ግድግዳውን ተደግፋ ታየኝ ነበር፣ ያን ቆጮ የላከላትን ደግ ሰው እንደምታይ። እሷ ፊት ሌላ ሰው መሆን አቃተኝ። ይኸው ነው ምክንያቱ፣ ሌላ የለኝም።

«አፉ ብዬሃለሁ፣ ጋሽ ከድር» አልኩት።

«አላህ ይስጥህ» አለና ዓይኑን ጨፈነ። በዚያው ሳምንት ተቀበረ።

ካንተ ይቅርታ አልጠይቅም። ይቅር ሊለኝ ይችል የነበረውን ሰው እኔው ይቅር ብዬ ሸኝቼዋለሁ።