ባለቤት የለውም የተባለው ዘፈን

ቆቦ መናኸሪያ ጀርባ ባለችው ሱቄ በሚሞሪ ካርድ ዘፈን እጭናለሁ፤ ሰርግ ካለ ካሜራዬን አንግቼ እወጣለሁ። ዋጃ የቀረጽኩት አንድ የሰርግ ጭፈራ ኢንተርኔት ላይ ሲወደድ፣ የዘፈንና የቪዲዮ ፈቃድ የሚገዛ ድርጅት ከአዲስ አበባ ሰው ላከብኝ። ሰውዬው ላፕቶፑን ከፍቶ ገበያው ገና እንደሚያድግ፣ ጭፈራችን በስልክም በቴሌቪዥንም እንደሚታይ አስረዳኝ። ደስ አለኝ፤ አልዋሽም።

ነገሩ የተበላሸው «የዘፈኑ ባለቤት ማነው?» ብሎ ሲጠይቅ ነው። እኛ ዘንድ በሰርግ ያወጣሁት ዘፈን የኔ ነው ብሎ ደረቱን የሚነፋ የለም፤ ነውር ነው። ሙሽራው ስልክ ተደውሎለት «ኧረ የአውጪዋ ነው» አለ። አውጪዋ፣ ዘፈኑን የመሩት፣ የዋጃ ሰርግ ያለ እሳቸው የማይደምቀው አሮጊት፣ በገበያ ቀን፣ ሰውዬው ባለበት፣ ሱቄ ድረስ መጡልኝ። እሳቸው ደግሞ «እኔ ምን አለኝ ልጄ፣ የሰርግ ቤቱ ነው እንጂ» አሉት። ሰውዬው እውነት መሰለውና ይዞት በመጣው ውል ላይ «ባለቤት የሌለው» ብሎ ጻፈ።

ደሜ ፈላ። ወረቀቱን ከእጁ ወስጄ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ዘፈኑ ለዘለዓለም የድርጅቱ ይሆናል፤ ያለ ድርጅቱ ፈቃድ ማንም በአደባባይ አይዘፍነውም ይላል።

«የልጅ ልጄ ሰርግ ላይስ?» አሉ።

«በውሉ መሠረት ማስፈቀድ ይኖርብዎታል፣ እማማ» አላቸው ሰውዬው።

አሮጊቷ ወደ ሰውዬው ዞሩ።

«ስማኝማ ልጄ» አሉት። «እኔ አቅም ሲያንሰኝ መሬቴን ለእኩል እሰጣለሁ። አራሹ ማሽላውን ያካፍለኛል፤ ዓመቱ ሲዞር መሬቱ መሬቴ ነው። እንዲህ ከሆነ እንነጋገር። መሬቱን ራሱን ግን ነቅለህ አትሄድም።»

ሰውዬው ላፕቶፑ ላይ ሲደክምበት የዋለው ፈቃድ የሚባለው ነገር ያኔ ገባኝ፤ ለካ ለእኩል መስጠት እንጂ መሸጥ አይደለም።

«ድርጅቱ እንዲህ አይሠራም» አለ።

«እንግዲያው ሌላ ይመጣል» አልኩት። «ገበያው ያድጋል ያልከኝ አንተው አይደለህ?»

እስክሪብቶ አንስቼ «ባለቤት የሌለው» የሚለውን ሰረዝኩና የአሮጊቷን ስም ጻፍኩበት። ይግደረደራሉ ብዬ ፈርቼ ነበር።

«አዎ፣ የኔ ነው!» አሉ፣ መንገደኛው ሁሉ እስኪሰማ።

ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩና እዚያው ዘፈኑን አወጡት። በር ላይ የቆመው ገበያተኛ ተቀበላቸው። ማንንም ሳላስፈቅድ ካሜራዬን አበራሁ።